ገናና ጥምቀትን ከትንሽ ልጅ ጋር የት እናሳልፍ? አምስት አማራጮች ጎን ለጎን

ኅዳር ጋመስ ሲል ስልኩ መጮህ ይጀምራል። የባል እናት "ዘንድሮ ልጁን ይዛችሁልኝ ኑ" ይላሉ። የሚስት አባት "አምና እዚያ ነበራችሁ፣ የዘንድሮው የእኛ ነው" ይላሉ። አክስት ላሊበላ የመሄድ ስለት አለባት። ወንድም ደግሞ ቢሾፍቱ ትልቅ ቤት ተከራይተን ሁላችንም አንድ ላይ እንሁን የሚል ሐሳብ አምጥቶ የቤተሰቡን የቴሌግራም ግሩፕ አሙቆታል። በዚህ ሁሉ መሃል ከምሳ በኋላ ካልተኛ እስከ ማታ የሚነጫነጭ የሁለት ዓመት ልጅ አለ። የሚጠራችሁ ሰው ሁሉ በፍቅር ነው የሚጠራችሁ፤ እምቢ ማለት የሚከብደውም ለዚሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ከአራስ እስከ አምስት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ላላቸው፣ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ወላጆች ነው። ከውጭ ለሚመጡትም ወደ መጨረሻው የምለው አለ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ዕድሜ ምርጫውን መወሰን ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ልጁ የት ይተኛል? ሲከፋውስ በምን ቶሎ እንወጣለን? ድግሱ የት ይደምቃል የሚለው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ልጁ ከተኛ አያቱ የሚስቅ ልጅ ያገኛሉ፣ ካልተኛ ግን በጉም ዶሮውም ደስ አይልም።

መጀመሪያ ካሌንደሩ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ ቀጣዩም 2020 ዓ.ም. ነው። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ጥር 12። በገናና በጥምቀት መካከል አሥራ ሁለት ቀን አለ። ይህ ክፍተት ለባለትዳሮች ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለት ቤተሰብ አለ፣ ሁለት በዓል አለ። አንዱን በዓል ለአንዱ ወገን፣ ሌላውን ለሌላው መስጠት ብዙ ኩርፊያ ያስቀራል። ገናን ጠዋት እዚህ፣ ምሳ እዚያ፣ እራት ደግሞ ሦስተኛ ቤት ብሎ መሮጥን ግን አልመክርም። ትልቅ ሰው እንኳን ይደክመዋል፣ ልጁም ማንንም ሳያውቅ፣ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ቀኑ ያልቃል።

ሌላም ልዩነት አለ። ገና የቤት በዓል ነው። ችግሩም የቤት ነው፦ ጭስ፣ የታፈነ ክፍል፣ ሌሊት መነሳት። ቅዳሴው ሌሊት ሲያልቅ ጾም ስለሚገደፍ ቤቱ ገና ሳይነጋ ይነቃል፣ ድስት ይንኳኳል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ጥምቀት ደግሞ የአደባባይ በዓል ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ፀሐዩ፣ ግፊያውና ረጅሙ መቆም ነው። ልጃችሁ ድምፅና ሰው ከበዛበት የሚደነግጥ ከሆነ ገና ይቀለዋል። ቤት ውስጥ መዘጋት የማይወድ፣ መሮጥ የሚፈልግ ከሆነ ግን በጥምቀት ከጥቂት ሰዓታት በላይ እስካላቆያችሁት ድረስ ደስ ይለዋል።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ። ቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ሲከራከር አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ብርና ስለ ርቀት ነው። እነሱ ቀላሎቹ ናቸው።

*እንቅልፍ።* ልጁ የሚተኛበት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል አለ ወይ? ሰፊ መሆን የለበትም። ሳሎን ሶፋ ላይ አስተኝቶ "ዝም በሉ" ማለት በዓል ላይ አይሠራም፤ ሰውም ያዝናል፣ ልጁም ይነቃል። ስለዚህ ስትደውሉ "ማደሪያ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁልጊዜ "ሞልቶ!" ነው። "ልጁን ቀን የማስተኛበት፣ ቡና የማይፈላበት ክፍል የቱ ነው?" በሉ።

*ሥራው የማን ነው?* ይህን በግልጽ የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። የበዓል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ላይ ነው የሚወድቀው። ምራት ሆና የሄደች እናት ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቁሌቱን እያማሰለች፣ ልጁን አዝላ ስትውል በዓሉ ለእሷ በዓል አይደለም። ቤት ውስጥ የምትረዳ ሠራተኛ ካላችሁም ለገና ወደ ቤተሰቧ ልትሄድ ትችላለች፣ መሄድም ይገባታል። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስታዩ፣ ማን ያበስላል፣ ማን ልጁን ይይዛል፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ማን ከልጁ ጋር ይቀራል የሚሉትን በስም መልሱ። "እንረዳዳለን" መልስ አይደለም።

*ብርድና ጤና።* ታኅሣሥና ጥር ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ነው። ደጋ ላይ ውርጭ ይጥላል። ዝቅ ያለ ቦታ ደግሞ ወባ አለ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ከሄዳችሁ ልጁ ያለ አጎበር አያድር።

*ከዘመድ ጋር የሚገኝ ጊዜ።* የምትሄዱበት ምክንያት ይህ ነው። አያቱ ልጁን በእርግጥ ያገኙታል ወይስ ሃምሳ እንግዳ ሲያስተናግዱ ይውላሉ?

*መንገድ፣ ወጪ፣ መውጫ።* መንገዱ ስንት ሰዓት ነው፣ ሰላም ነው ወይ፣ ልጁ ምን ላይ ይቀመጣል? ወጪ ሲባል ትራንስፖርት ብቻ አይደለም። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ለአያት ልብስ፣ ለቤቱ ዘይትና ቡና፣ ለበጉ መዋጮ አለ። መውጫ ማለት ደግሞ ልጁ ቢያተኩሰው ወይም ቢያስመልሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ወይም ቤታችሁ መድረስ መቻል ነው።

አንድ፦ እናንተ ቤት መደገስ

ልጁ በራሱ አልጋ ይተኛል። ዕቃው ሁሉ ቦታው ነው። መንገድ የለም። በእንቅልፍና በመውጫ የሚወዳደረው የለም፤ ልጃችሁ ከዓመት በታች ከሆነ እኔ መጀመሪያ የማስበው ይህን ነው።

ችግሩ ሥራው ነው። ሁሉም እናንተ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ዘመድ መጥቶ ካደረ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ይዘልቃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ በግ የት ይታረዳል፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ለዚያ ሁሉ ሰው ከየት ይመጣል የሚል ጭንቀትም አለ። መፍትሔው ድግሱን መከፋፈል ነው። ዶሮ ወጡን አክስት ሠርታ ታምጣ፣ ድፎ ዳቦውን እናት ይድፉ፣ ሥጋው ከቅርጫ ይምጣ፣ እንጀራው ይገዛ። ቅርጫ ከገባችሁ ግን የወንዶቹ ጠዋት እዚያው እንደሚያልቅ አስቡት፤ መደቡ ተከፋፍሎ ዕጣው እስኪወጣ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ያዥ ያስፈልጋል። "ሁሉንም ራሴ ካልሠራሁ ሰው ምን ይላል" የሚለውን ለጥቂት ዓመት አቆዩት። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ቤት ድስት ተሸክሞ መምጣት ነውር አይደለም፣ አያቶቻችንም ለአራስ ቤት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፣ ይህ ለሁሉም ቤት ይሠራል። ረከቦቱ፣ ምድጃውና ጀበናው ወለል ላይ፣ ልክ መዳህ የጀመረ ልጅ እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ናቸው። ቡና ሲፈላ ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ፣ ሌላ ሥራ አይሰጠው። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቅ ስለሚችሉ ሰሃኑ ከፍ ይበል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት ጫፍም አይሰጥ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎም ለልጅ አይደለም።

ሁለት፦ ከተማ ውስጥ አያቶች ቤት ደርሶ መልስ

ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ካሉ እንግዲህ ይህን ተጠቀሙበት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሥራው በአብዛኛው እነሱ ጋ ነው፣ ማታ ወደ አልጋችሁ ትመለሳላችሁ።

የሚበላሸው በሰዓት ነው። ብዙ ሰው ረፋድ ላይ ወጥቶ ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ምሳው ይዘገያል፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ሲወጡ መሽቷል፣ ታክሲ የለም፣ ራይድ ዋጋው ጨምሯል። እኔ የምመክረው በማለዳ መሄድ ነው። ገና ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አያት ቤት ከደረሳችሁ እንግዳው ሳይበዛ ልጁ ከአያቱ ጋር ብቻውን ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ዳቦው ሲቆረስ ይደርሳል። ከምሳ በኋላ እዚያው ይተኛል፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ እናንተ ቡና ጠጥታችሁ ሳይመሽ ትወጣላችሁ። የምትወጡበትን ሰዓት ደግሞ ስትገቡ ተናገሩ። ስትነሱ የሚነገር ሰዓት "ምን አጣችሁ?" ያስብላል።

ለጥምቀት ከሆነ ጃንሜዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ትንሽ ልጅ ላለው የሚሻለው አያቶቹ ሰፈር ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር መቆም ነው። ወጣቶቹ ምንጣፍ እያነሱ እየዘረጉ ሲሮጡ፣ መዘምራኑ ሲያልፉ፣ ልጁ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል፣ ሲደክመው ቤቱ ቅርብ ነው። በከተራ ከሰዓት በኋላ ብዙ መንገድ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከምሳ በፊት እዚያ ሰፈር ድረሱ፣ ቢቻል እደሩ። ኮፍያና ውሃ ያዙ። ልጁ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በልብሱ ውስጠኛ ኪስ አድርጉ።

ሦስት፦ ክፍለ ሀገር አያቶች ዘንድ ሄዶ መሰንበት

ስለዚህ አማራጭ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚከብደውም ከሁሉም በላይ የሚያጠግበውም እሱ ነው። ልጁ ጥጃ ያያል፣ ከአጎት ልጆች ጋር አፈር ላይ ይጫወታል፣ የአያቱን ድምፅ በስልክ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ይሰማል። አያቶቹ ደግሞ በዓመት አንዴ የሚያገኙት እሱን ነው። ይህን በአንድ ሌሊት ጉብኝት ማግኘት አይቻልም። ከሄዳችሁ ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ይሁን፤ የመጀመሪያው ቀን በድካምና በመሸሽ ነው የሚያልቀው። ልጁ አያቱን ፈርቶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ከተደበቀ አያስገድዱት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ሄዶ ጭናቸው ላይ ይቀመጣል።

መንገዱን በጥንቃቄ አስቡት። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ልጁ አንዴ ተኝቶ ሲነሳ ይደረሳል። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎንደር ከ700 በላይ። ረጅሙን መንገድ ከሕፃን ጋር በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ በአንድ ቀን መሄድ በጣም ይከብዳል። የግል መኪና ካላችሁ የልጅ መቀመጫ ይኑር፣ እቅፍ ውስጥ ያለ ልጅ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ከእጅ ያመልጣል። በአውሮፕላን ጎንደር የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ክፍያውም ከአዋቂ በጣም ያንሳል፤ የልደት የምስክር ወረቀቱን ያዙ። ሰላሙን በተመለከተ፣ ባለፉት ዓመታት ብዙ መንገዶች አስቸጋሪ ሆነዋልና ዜና ብቻ አትመኑ። በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ የሄደ ሰው ጠይቁ። መልሱ "እንጃ" ከሆነ ዘንድሮ ይለፋችሁ፣ አያቶቹን ወደ እናንተ አምጡ። ለእነሱም ቢሆን መንገዱ ያው ነውና በአውሮፕላን ይምጡ።

ሌሊቱ ይበርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በዚህ ወቅት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ልጁን ደራርቦ ማልበስ፣ ኮፍያና ካልሲ፣ ከእናቱ ጎን ማስተኛት ይበቃዋል። እባካችሁ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ፍም አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ተኝቶ እንዳለ ይገድላል። አያት "እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናድረው" ቢሉም በዚህ አትሸነፉ። ፍሙ ውጭ ይደር።

ውሃ ሌላው ነው። ለልጁ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይኑር፣ ለተቅማጥ የሚሰጡትን ኦአርኤስና ዚንክ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ያዙ። የጤና ጣቢያው የት እንደሆነና በበዓል ቀን ማን እንዳለ ስትደርሱ ጠይቁ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ቀኑ የደረሰ ከሆነ ሳትወጡ አስከትቡት።

ስለ አማትና ምራትም አንድ ነገር። አያቶች ልጅ ያሳደጉበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ቅቤ ማላስ፣ በፍቅር ከጠላው ማስቀመስ፣ ጉንፋን ይዟቸው አፉን መሳም። ከእነሱ ጋር እናት ብቻዋን አትጋፈጥ። የሚናገረው የራሳቸው ልጅ ይሁን። "እማዬ፣ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው እንዳትሰጡት ብለውናል" ሲል ወንድ ልጃቸው፣ ምራት ከምትለው ይልቅ በቀላሉ ይሰማል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን በእርግጥ ጠይቁት፣ ቃሉ እውነት ይሁን። የማይጎዳውን ነገር ደግሞ ተዉላቸው። በአንቀልባ ማዘል ይፈልጋሉ? ይዘሉት። ዘፈን ይዘፍኑለታል፣ ማታ ቆይቶ ይተኛል? ለአምስት ቀን ምንም አይሆንም።

አራት፦ ላሊበላ ወይም ጎንደር፣ ከነቤተሰቡ

ገና ላሊበላ ልዩ ነው፣ ታኅሣሥ 29 የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ስለሆነ። ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ነጭ ለብሰው ቤዛ ኩሉ ሲያቀርቡ ማየት የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞት ነው። ስለት ያለበት ሰው እንዳይሄድ ማን ይላል? እኔም አልልም። ጥያቄው ትንሹ ልጅ አብሮ ይሂድ ወይ ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በበዓሉ ሌሊት አልመክርም። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው፣ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ፣ ደረጃና ገደል አለ። የልጅ ጋሪ ምንም አይሠራም፣ አንቀልባ ብቻ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ምእመኑ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ግፊያው ብዙ ነው። የሆቴል ክፍል ደግሞ ከወራት በፊት ያልቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። አያቶች አብረው ካሉ እነሱም ያንን ደረጃ ይችሉታል ወይ ብላችሁ አስቡ። መሄድ ግድ ከሆነ ከበዓሉ ጥቂት ቀናት ቀድማችሁ ሂዱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ለልጁ በቀን አሳዩት፣ በዋዜማው ሌሊት ከወላጆች አንዱ ከልጁ ጋር ክፍል ይቅር።

ጎንደርም በጥምቀት እንዲሁ ነው። የፋሲል መዋኛ ዙሪያ ማለዳ በሚሞላው ሕዝብ መሃል ሕፃን ይዞ መቆም ከባድ ነው። የእንጨት መቀመጫ ላይ ከልጅ ጋር አትውጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው መቀመጫው ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ዘመድ ያላችሁ ጎንደር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር አይታችሁ፣ ሌሊቱን ቤት አድራችሁ፣ በማግስቱ ሲመለሱ ትሸኛላችሁ።

አምስት፦ ሁሉም ቤተሰብ አንድ ላይ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ቤት ተከራይቶ

አዲስ ልማድ ነው፣ ትልልቆቹ መጀመሪያ ሲሰሙት "በዓል ሆቴል ውስጥ?" ይላሉ። ግን ጥሩ ጎኑ አለው። የማንም ቤት ስላልሆነ ሥራው የማንም አይደለም፤ በትክክል ከተከፋፈለ የምራቶች እረፍት ነው። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ በክፍያ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይደረሳል፣ ልጁ ቢታመም በቀላሉ ትመለሳላችሁ። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለሁለት ሌሊት ብቻ አይኬድባትም።

ስትከራዩ ማእድ ቤት ያለው ገስት ሃውስ ፈልጉ። መኝታ ክፍሎቹን ቁጠሩ፣ ሕፃን ላለው ቤተሰብ የብቻ ክፍል ይያዝ። መዋኛ ገንዳ አጥር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሐይቅ ዳርም ያው ነው፤ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ድምፅ አያሰማም። በግ ማረድና ከሰል ማቀጣጠል ይፈቀዳል ወይ የሚለውንም ቅድሚያ ክፍያ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ደካማ ጎኑ ሌላ ነው። አያቶች ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ጎረቤታቸውና ዕድራቸው የሉም፣ ሊከፋቸው ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ገና ዕለት ሳይሆን ከገና ማግስት ጀምሮ ያለውን ቅዳሜና እሁድ የምመርጠው፤ በዓሉ በቤቱ ይከበራል፣ ሽርሽሩ ይከተላል፣ ኪራዩም ይረክሳል።

በአጭሩ ሲቀመጥ

| አማራጭ | የልጁ እንቅልፍ | መንገድ | ሥራው የማን ላይ | ከአያቶች ጋር ጊዜ | ወጪ | ቶሎ መውጣት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እናንተ ቤት መደገስ | በጣም ጥሩ | የለም | እናንተ ላይ | መካከለኛ | መካከለኛ | ቀላል |
| ከተማ ውስጥ ደርሶ መልስ | ጥሩ፣ ሰዓት ከተጠበቀ | አጭር | አያቶች ላይ | ጥሩ፣ በማለዳ ከተሄደ | ዝቅተኛ | ቀላል |
| ክፍለ ሀገር መሰንበት | እንደ ክፍሉ | ረጅም | የጋራ፣ ምራት ላይ ይከብዳል | ከሁሉም የበለጠ | ከፍ ያለ | ከባድ |
| ላሊበላ ወይም ጎንደር | ደካማ | ረጅም | ጥቂት ሥራ፣ ብዙ ድካም | ትንሽ | በጣም ከፍተኛ | በጣም ከባድ |
| ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ | ጥሩ፣ የብቻ ክፍል ካለ | አጭር ወይም መካከለኛ | የተከፋፈለ | ጥሩ | ከፍተኛ፣ ግን በጋራ | ቢሾፍቱ ከሆነ ቀላል |

ለማን የቱ?

ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው ቤታችሁ ሁኑ፣ አያቶች ይምጡ። በተለይ ከሦስት ወር በታች ከሆነ ጉንፋን የያዘው ዘመድ ከሩቅ ሰላም ይበል፣ ይህን ለመናገር አትፈሩ። የምታጠባ እናት ስለ ጾሙ የነፍስ አባቷን ታማክር፣ ምግቧን አታጓድል።

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ሁለተኛው ነው፣ ጥያቄም የለውም። ከበጉ ይልቅ ዶሮ ይሁን፣ የቀረው ብር ለልጁ ሳይሆን ለአያቶቹ ይሁን፤ ልጁ በዚህ ዕድሜ የሚፈልገው ስጦታ የለም።

ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነና አያቶቹ ክፍለ ሀገር ካሉ፣ ሦስተኛውን ምረጡ፣ ቢከብድም። አቅሙ በየዓመቱ ካልፈቀደ በሁለት ዓመት አንዴ ይሁን፣ ግን ረጅም ይሁን። ጎበዝ መሆን ያለባችሁ ወጪው ላይ ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ነው፤ የዓመት ፈቃድ በኅዳር ካልተጠየቀ በታኅሣሥ መጨረሻ ማንም አይሰጣችሁም።

የሁለቱ ወገን ቤተሰቦች ብዙ ከሆኑና ሁሉም እናንተን የሚጠብቁ ከሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ሥራው ሁልጊዜ በአንዲት ሴት ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ አምስተኛውን ሞክሩ። ላሊበላ ይቆይ። ልጁ አምስትና ስድስት ዓመት ሲሆነው ይዛችሁት ሂዱ፣ ያኔ ያስታውሰዋልም።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለምትመጡ ደግሞ ትልቁ ችግር ካሌንደሩ ነው። የፈረንጆቹ የትምህርት ቤት እረፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው የእኛ ገና ሳይደርስ ነው። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ካልገባ ይህን ነፃነት አሁን ተጠቀሙበት፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ሙሉ ውሰዱ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ትቀድማለች፣ የትንሽ ልጅ እንቅልፍ እስኪስተካከል ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከገና ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፣ እነዚያን ቀናት ሰው አትጥሩባቸው። "ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ድግስ" የሚለውን የዘመድ ዕቅድ በጊዜ አስቀሩት። ክትባቱንና የወባ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ አንድ ወር ቀድማችሁ የልጁን ሐኪም ጠይቁ።

የቱንም ብትመርጡ ውሳኔውን ለሁለቱም ቤተሰቦች በአንድ ቀን ንገሩ፣ ኅዳር ሳይወጣ። ባል ለእናቱ ይደውል፣ ሚስት ለአባቷ ትደውል፤ "እሷ ናት ያለችው"፣ "እሱ ነው እንቢ ያለው" የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። ገናን ያላገኘው ወገን በዚያው ስልክ ላይ ጥምቀትን ከነሰዓቱ ይያዝለት።